ለልጆቻችን የገንዘብን ነገር ማን ያስተምራቸው?

(ከዚህ በታች የሚነበበው የመንደራችን ነዋሪዎች ማኅበር ባደረገው ስብሰባ ላይ የወጣቶችና የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ ያሰማው ንግግር ነው። በዕለቱ ለመገኘት ያልተመቻቸው ነዋሪዎች እንዲያነቡት በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



 የኋላ ወንበር የሞላው ዛሬ ነው። ወጣቶቹ የመጡት ጉዳዩ እነሱን የሚመለከት መሆኑን ሰምተው ይመስለናል። ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ሳንጨርሰው ያደረ አንድ ጉዳይ ነበር። ባለፉት ጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ቤተሰቦች በልጆቻቸው የገንዘብ ነገር ተቸግረው ወደ ኮሚቴያችን መጥተዋል። የቤት ገመና ስለሆነ ስም አንጠራም። በአንደኛው ቤት የ16 ዓመት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኩ ተልኮለት ሳይከፍል ቀረ፤ ገንዘቡ በኳስ ውርርድ አልቋል። በሁለተኛው ቤት ልጂቱ በእናትዋ ስልክ 1,000 ብር ተበድራ፣ እሱን ለመክፈል መልሳ ተበደረች። እናት ነገሩን ያወቁት ደንበኛ የእንጀራ ሒሳብ በስልክ ሲልክላቸው ገንዘቡ ሳይነኩት ለዕዳ ተቆርጦ ሲያዩ ነው። የሦስተኛውን ቤት ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ባለፈው ስብሰባ ከቤቱ የቀረበው ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነበር። ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ገንዘብ አይያዝ፣ በስልኩም ገንዘብ አይንቀሳቀስ፣ ውርርድ ቤት የታየ ልጅ ለማኅበሩ ይነገር፣ ወላጁም ይቀጣ የሚል ነው። ብዙ እጅ ወጥቶ ነበር። ኮሚቴው አጥንቶ እንዲመጣ ስለታዘዘ ይኸው አጥንተን መጥተናል። ያገኘነውን ሳንደባብቅ እንናገራለን፤ ግማሹን እንደግፋለን፣ ግማሹን እንቃወማለን።

የምንደግፈው የውርርድ ቤቱን ነው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ተቀብሎ ትኬት የሚቆርጥ ቤት ካለ፣ ለሚመለከተው አካል ማመልከት የነዋሪው መብትም ግዴታም ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የምንቃወመው ገንዘብ ከልጅ እጅ ፈጽሞ ይውጣ የሚለውን ነው። ለምን ቢባል፣ ገንዘቡ ዛሬ በኪስ አይደለም ያለው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስልክ ላይ ብድርና ቁጠባ መጣ። ዛሬ ለታክሲ፣ ለመብራት፣ ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው በስልክ ነው። ወላጆች ራሳችን ቁጥሩ ሲያስቸግረን «እስቲ ና አስገባልኝ» ብለን የምንጠራው ያንኑ ልጅ አይደለም እንዴ? የሚስጥር ቁጥራችንን ጮክ ብለን የምንነግረውስ እሱን አይደለም? ማታ አሠሪው አድርገነው ጠዋት ገንዘብ አትንካ ብንለው ነገሩ አይሰምርም።

ሁለተኛም፣ 18 ዓመት አንድ ቀን ነው። በዋዜማው ምንም ያልያዘ ልጅ በማግሥቱ የባንክ ደብተር፣ መታወቂያ፣ ብድር፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባም ከቤት የሚላክለት የወር ገንዘብ በአንዴ ይመጣበታል። ዋና ሳይማር ዐባይ ውስጥ እንደመጣል ነው።

ለዚህ አንድ ሁላችንም የምናውቀው ነገር እናንሣ። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ከ6ኛው ቀን ማታ ጀምሮ እስከ 7ኛው ቀን ጠዋት ድረስ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ተዛብቶ፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሰዎች ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ራሱ እንደገለጸው በዚያች ሌሊት ያለአግባብ የሄደው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሲሮጥ፣ ተማሪው በእኩለ ሌሊት በገንዘብ ማውጫው ማሽን ፊት ተሰልፎ አደረ። ቀጥሎ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፣ ባንኩም አብዛኛውን በሳምንታት ውስጥ አስመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ግን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን ለሕዝብ አወጣ።

ይህን የምናነሣው ተማሪዎችን ለማሳጣት አይደለም። አብዛኞቹ እኛ ካሳደግናቸው ልጆች የተለዩ አይደሉም፤ በቤታቸው ሌባ ተብለው አያውቁም። ነገር ግን ከቤት በወጡ በጥቂት ወራት ውስጥ በሌሊት፣ ብቻቸውን፣ ጓደኛ እየገፋቸው አንድ የገንዘብ ውሳኔ መጣባቸው። ማሽን የሰጠው ሁሉ የራስ እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ ብር በሰው ስም ተጽፎ እንደሚቀመጥ፣ ዛሬ የወጣው ነገ ዕዳ እንደሚሆን የነገራቸው ሰው ስንቱን ነው? ጨርሶ ገንዘብ ሳይነካ ያደገ ልጅ በዚያች ሌሊት ከሌላው የተሻለ ይወስን ነበር ብለን አናምንም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። በየቤታችን የገንዘብ ነገር የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ደመወዝ ሲቆጠር በር ይዘጋል። የቤት ኪራይ ሲጨመር እናትና አባት በዓይን ይነጋገራሉ፣ ልጁ ግን «ወደዚያ ሂድ፣ አጥና» ይባላል። ልጅ እንዳይጨነቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ውጤቱ ግን ይኼ ነው፦ ልጃችን የእንግሊዝ ኳስ ተጫዋች በሳምንት ስንት እንደሚከፈለው ያውቃል፣ የቤታችን መብራት በወር ስንት እንደሚመጣ አያውቅም። ገንዘብ ለእሱ ለመጠየቅና ለመከልከል ብቻ የሚወጣ ነገር ነው። ሲሰጡት ደጎች ነን፣ ሲከለከል ክፉዎች ነን። ሂሳቡን አላየውማ!

ከመንደራችን አንዲት እናት ያደረጉትን ፈቅደውልን እንናገር። የ15 ዓመት ልጃቸው ጫማ ግዙልኝ እያለች አላስቀምጥ ስትላቸው፣ አልተቆጡም። የሳምንቱን የአስቤዛ ገንዘብ አውጥተው በእጇ አስያዟት። «ለአራት ሳምንት ቤቱን አንቺ ነሽ የምትገዢለት፤ የተረፈውን ለጫማሽ ያዥው፣ ካለቀብሽ ግን ሌላ የለም» አሏት። መጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ላይ አለቀ። ዓርብና ቅዳሜ ሽሮ ብቻ ተበላ፤ ወንድሞቿ አኮረፏት፣ እናት ግን ዝም አሉ። ሁለተኛው ሳምንት እንደምንም ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ዘይት በትንሽ በትንሹ ከሱቅ መግዛት በባለ አምስት ሊትሩ ከመግዛት ምን ያህል እንደሚበልጥ በወረቀት አውጥታ አሳየቻቸው። ሽንኩርትም ከደጅ ሱቅ ሳይሆን ቅዳሜ ገበያ ወርዳ መግዛት ጀመረች። ከአራተኛው ሳምንት 60 ብር ተረፋት። ጫማ አይገዛም እኮ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ጫማው የምትጠይቀው «መቼ ይቻለናል?» ብላ ነው ይላሉ እናትየው። «ግዙልኝ» ቀርቶ «ይቻለናል» መጣ። ሐሙስ ላይ ገንዘቡ ሲያልቅባት ቢጨምሩላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፣ በየቤቱ ቢያንስ በወር አንድ ማታ ልጆች ባሉበት የቤቱ ገቢና ወጪ ይነበብ የሚል ነው። ኪራይ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ መብራት፣ ውሃ፣ መጓጓዣ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ዕቁብ ሁሉም በአንድ ወረቀት ይስፈሩ። ጸሐፊው ልጁ ይሁን። ደመወዛችንን ለሰፈር ያወራብናል የሚል ሥጋት የገባችሁ አላችሁ፤ ሲሰሙ ፈገግ ያላችሁትን አይተናል። አንድ ጊዜ ያመለጠው እንደሆነ ይመከራል። ሚስጥር መጠበቅም ከገንዘብ አያያዝ አንዱ ነው።

ሁለተኛው የኪስ ገንዘብ ነው። ለሚችል 100 ብር፣ ለማይችል 20 ብርም ይሁን፣ መጠኑ አያከራክረንም። ቀኑ ይታወቅ፣ መጠኑ ይታወቅ፣ መሐል ላይ አይጨመር። ሰኞ የተሰጠው ማክሰኞ ከጨረሰ እስከሚቀጥለው ሰኞ ብስኩት የለም። በለቅሶው የምንረታ ከሆነ ያስተማርነው ማልቀስን ነው። አያቶች ሆይ፣ እናንተን ነው! በጓሮ በር 50 ብር እያወጣችሁ የምታስጨብጡት ነገር ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ሌላም አንድ ነገር አለ፣ በዚህ ላይ በኮሚቴው ውስጥም ተከራክረንበታል። ሣህን ስላጠበ፣ ቤት ስለጠረገ ለልጅ ይከፈለው የሚሉ አሉ። የአብዛኞቻችን አስተያየት አይከፈለው ነው። የቤት ሥራ የቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ውሃ አምጣ ሲባል «ስንት?» የሚል ልጅ እንዳናወጣ እንፈራለን። ከቤት ውጭ ሠርቶ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። የክረምት ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ይህን ዕወቁ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትም ሆነ ሌሊት ማሠራት ክልክል ነው። የሚቀጥራችሁ ሰው ይህን ካልተቀበለ፣ ለወላጅ ሳትነግሩ አትግቡ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳባችን እንመጣለን። ልጆቻችንን የገንዘብ ነገር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሌላ ቦታ መፈለግ የለብንም፤ በመንደራችን አለ፣ ዕቁብ ይባላል። እናቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ወለድን፣ ብድርን፣ ዋስትናን የተማሩበት እሱ ነው። ስለዚህ ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የራሳቸው ዕቁብ እንዲቋቋም ሐሳብ እናቀርባለን። 12 ልጅ በሳምንት 50 ብር ይጥላል፤ በየሳምንቱ 600 ብር ይወጣል። በ12 ሳምንት ዙሩ ያልቃል። ዳኛውም ጸሐፊውም ከልጆቹ መሐል ይመረጣሉ።

ወጣቶች፣ እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ልጅ ዕድለኛ ነው ወይስ ባለዕዳ? «ዕድለኛ!» አላችሁ። እስቲ አብረን እንቁጠር። የጣለው 50 ብር ነው፤ የወሰደው 600 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 550ው የማን ነው? የአሥራ አንዱ ጓደኞቹ ነው። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ 50 ብር ዕዳ ይከፍላል። ጫማውን ገዝቶ ካስረጀው በኋላም ይከፍላል። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ልጅስ? እሱ 11 ሳምንት ሙሉ ለጓደኞቹ ሲያበድር የቆየ ነው። አንድ ሣንቲም ወለድ አያገኝም፤ በዚያ ላይ በ12 ሳምንት ውስጥ የዕቃው ዋጋ ከጨመረ ያው 600 ብሩ ያነሰ ነገር ነው የሚገዛለት። መሐል ላይ ያለው ደግሞ ግማሽ አበዳሪ፣ ግማሽ ተበዳሪ ነው። ይኸው፣ ባንክ ውስጥ በወፍራም መጽሐፍ የሚያስተምሩት ነገር በአንድ ዙር ዕቁብ አለቀ። ዕጣውን ቀደም ብሎ ለቸገረው አሳልፎ የሚሸጥ ሰው ስንት እንደሚጠይቅ ትላልቆቹ ታውቃላችሁ፤ እሷ ናት የወለድ ዋጋ ማለት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዋስ ነው። በዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይነካም። የልጆቹ ዋስ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይሆናል። ልጁ መክፈል ቢያቆም ዋሱ ይከፍላል። ይህ ነገር ለምን አስፈለገ? ድሮ ሰው ለመበደር ፊት ያስፈልገው ነበር። ጎረቤት ቤት ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ለምን እንደፈለገው ተናግሮ ነው የሚበደረው። ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን ለውጦ ይመለስ ነበር፤ እፍረቱ አጥር ነበረችና። የስልኩ ብድር ግን ለምን ፈለግከው ብሎ አይጠይቅም፤ አልጋ ውስጥ ተኝቶ፣ በእኩለ ሌሊት ይገኛል። የእንጀራ ሻጯ ልጅ እናትዋን ፊት ለፊት 1,000 ብር ለምኚልኝ ብትል ኖሮ የቱን ያህል ትደፍር ነበር? ስለዚህ ዕቁቡ ያንን አጥር መልሶ ይተክላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ልጁ ለመውሰድ ሰው ፊት ይቀርባል፣ ለመክፈልም ሰው ፊት ይቀርባል።

ስለ ስልኩ ብድር ስንናገር፣ አበዳሪዎቹን እንደ ጠላት ማየታችን አይደለም። ለነጋዴ፣ ዕቃ አስገብቶ በሳምንት ለሚሸጥ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ሒሳቡን ግን ልጆቹ ይወቁት። ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድራችሁ የአገልግሎት ክፍያው 50 ብር ነው እንበል። 50 ብር ምንም አይመስልም፤ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ያንኑ 1,000 ብር በየወሩ እየመለሳችሁ በየወሩ መልሳችሁ ብትወስዱት ግን በዓመቱ 600 ብር ትከፍላላችሁ፣ 1,000ው አሁንም ዕዳ ነው። ይህ ማለት ከመቶ 60 ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። በአንድ እጅ 7 ለመቀበል፣ በሌላ እጅ 60 ለመክፈል! ቀኑ ካለፈ ደግሞ ቅጣት አለ። ልጆች፣ ከመበደራችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ አንብቡ፦ ክፍያው ስንት ነው፣ መቼ ነው የሚመለሰው፣ ቢያልፍ ምን ይጨመራል። ሦስቱን ሳይነበብ «እሺ» የሚለውን የሚጫን ጣት የእናንተ አይሁን።

ውርርዱንም በቁጣ ሳይሆን በሒሳብ እንየው። ቁጣውን ከእኛ ብዙ ሰምታችኋል፤ አልሠራም። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ትመርጣላችሁ። ኳስ ታውቃላችሁ፤ ከአሥሩ ሰባቱን የመገመት ችሎታ አላችሁ እንበል፣ ትልቅ ችሎታ ነው። አንድ ትኬት ላይ አሥሩም እንዲሳካ ግን ሰባት ከአሥርን አሥር ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው። የሚወጣው ከመቶ ሦስት አይሞላም። ቤቱ ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1.35 ቢሰጥ፣ አሥሩ ሲባዛ 20 ገደማ ይሆናል። የ20 ብር ትኬት 400 ብር ታወጣለች ማለት ነው። እንግዲህ መቶ ትኬት ቁረጡ፤ 2,000 ብር ከፈላችሁ። ሦስቱ ወጡ እንበል፤ 1,200 ብር አገኛችሁ። 800 ብር ተበላ። ኳስ እያወቃችሁ ነው የተበላው! 400 ብር የበላው ጓደኛችሁ በየሰፈሩ ይጮኻል፤ ዘጠና ሰባቱ ግን ትኬታቸውን ቀድደው ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ጩኸቱን ብቻ ትሰማላችሁ። ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ከአሥር ሰባት ያመጣ ልጅ ያልፋል፤ እዚያ ቤት ከአሥር ሰባት ያመጣ ይወድቃል።

በስብሰባው ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ የጠየቀንን ደግሞ ሳንመልስ አናልፍም። «ቆጥቡ ትሉናላችሁ፤ ብሩ እየወደቀ ለምን እንቆጥባለን?» ነው ያለው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዝም በል የሚባል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ነበር፤ ከመቶ 7 ወለድ የሚያገኝ ቁጠባ ያን ዓመት ዐቅሙ ተሸርሽሯል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ቁጠባ ሀብታም ያደርጋል ብለን አንዋሻችሁም። ቁጠባ የሚጠቅማችሁ ለሌላ ነገር ነው። ስልካችሁ ሲሰበር ለመጠገን፣ የፈተና መመዝገቢያ ሲመጣ ሰው ፊት ላለመቆም፣ እናት ስትታመም ለታክሲ። ለዚህ የሚሆን የሁለት ሦስት ወር ገንዘብ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ የሚተርፈውን ረጅም ዓመት ከማስተኛት ሥራ በሚያመጣ ነገር ላይ ማዋል ይሻላል። የፀጉር መሥሪያ፣ የስፌት መኪና፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሣሪያ፣ የሙያ ትምህርት እንደ ብሩ አይወድቁም። በቴሌግራም «ገንዘብህን በሳምንት እጥፍ እናደርጋለን፣ ሁለት ጓደኛ አምጣ» የሚላችሁን ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ ትርፉ ከምን ሽያጭ ነው የሚመጣው? ከሚቀጥለው ገቢ ሰው ኪስ ከሆነ፣ የመጨረሻው ገቢ ማን እንደሚሆን አስቡ። በዕቁብ ቢያንስ መጨረሻ የሚወጣለት ሰው የጣለውን ያገኛል።

ሦስተኛውን ቤት እንመለስበታለን ብለን ነበር። በዚያ ቤት ያለው ልጅ እኅቱ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። በየሁለት ወሩ ትልካለች። ልጁ ስልክ ቀየረ፣ ጫማ ቀየረ፣ ጓደኛ ጋበዘ። እኅቱ ስትደውል «እንዴት ነህ?» ትለዋለች፣ እሱ «መቼ ትልኪያለሽ?» ይላታል። እናቱ ይህን ሲነግሩን አለቀሱ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡ ወደ እሱ የሚደርሰው በስልክ ድምፅ ነው፤ ጭንቅ ብላ የደወለች ማስታወቂያ። ሌላ ነገር አያይም። ከኮሚቴያችን አንዱ አባል ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ብቻ አሠራው። እኅቱን ደውሎ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ በወር ስንት ቀን እንደምታርፍ እንዲጠይቃት፣ ከዚያም የወር ደመወዟን በሰዓቱ እንዲያካፍል። ከዚያ የጫማውን ዋጋ በሰዓት አወጣው። ውጤቱን እዚህ አንናገርም፤ የእሱና የእኅቱ ነው። አሁን ከሚላከው ላይ ገሚሱ በእኅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ስትመለስ ባዶ እጇን እንዳትሆን። ደብተሩን የሚይዘው ልጁ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ቤቶች ሁሉ ይህን ሒሳብ ከልጆቻችሁ ጋር እንድትሠሩት እንለምናለን።

አንድ አባት ደግሞ «እኛን ማን አስተማረን? ችግር አስተማረን፣ እነሱንም ችግር ያስተምራቸው» ብለዋል። አባባላቸውን እናከብራለን። ችግር ግን ዛሬ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይመጣም። ያኔ ልጅ ሊያጠፋ የሚችለው በኪሱ ያለውን ሣንቲም ነበር፤ ዛሬ በአንድ ሌሊት የእናቱን የወር ገቢ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በ50 ብር ይሳሳት፣ በዕቁብ ይሳሳት፣ እኛ ባለንበት ይሳሳት እንላለን።

ስብሰባው ይህን ሁሉ ሰምቶ ከተከራከረ በኋላ፣ የቅጣቱ ሐሳብ እንዲቀር፣ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ትኬት የሚሸጥ ቤት ሲገኝ ማኅበሩ በጽሑፍ እንዲያመለክት፣ የልጆቹም ዕቁብ እንዲጀመር በድምፅ ብልጫ ወስኗል። የተቃወሙም አሉ፤ አንድ ዙር አይተን እንነጋገራለን።

ለልጆቹ ዕቁብ ምዝገባ የሚካሄደው በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በዕድሩ አዳራሽ ነው። ተመዝጋቢው ከዋሱ ጋር ይምጣ፤ ዋስ የሌለው አይመዘገብም። ጣሉ በየእሑዱ በጥሬ ገንዘብ፣ ልጁ ራሱ በአካል ተገኝቶ ይሆናል፤ በስልክ የሚላክ ወይም በወላጅ እጅ የሚመጣ አንቀበልም። ከ12 በላይ ከተመዘገበ ሁለተኛ ዕቁብ ይቋቋማል። ለጸሐፊነት የሚወዳደሩ ልጆች መስመር ያለው ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ። የእናቶች ዕቁብ ጸሐፊ የሆኑት እናታችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አጠገባቸው ተቀምጠው የመዝገብ አያያዝ ያሳዩአቸዋል።

የወጣቶችና የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ